የሊፍት ጠጋኙ አከፋፈት

ራጅ አንሺዋ ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ ቼዝ ውድድር የተመለሰችው አክስቷ ከቤት ስላባረረቻት ነው።

«ውጪ ወዲያ!» አለቻት አንድ እሁድ ጠዋት። «ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው አጥንት ስትቆጥሪ ትውያለሽ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የወንድምሽን ትንፋሽ። ቼዝ እንደሆነ አያገባሽ፣ አያስወልድሽ። ቢያንስ ግን ከቤት ያስወጣሽ።»

አክስቷ የእናቷ ታናሽ ናት። ወንድሟ የታመመ ጊዜ «ለአንድ ሳምንት» ብላ በትንሽ ሻንጣ መጥታ እዚያው ቀረች። ወንድሟ በአምስት ዓመት ይበልጣታል፤ «ጋሼ» ነው የምትለው። የመሬት ቀያሽ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ቀን ለፊርማ ወደ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሄደና ሊፍቱ በመሃል ቆመበት፤ እዚያው ውስጥ ብቻውን ሳለ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑንም አንደበቱንም ይዞበት ሄደ። ዓይኑ ሰው ይከተላል፤ የሚሰማም ይመስላል፤ ቃል ግን የለም። የቀረለት ግራ እጁ ነው። በጣቱ የአልጋውን ብረት ኳ ኳ ያደርጋል፤ ሁልጊዜ ሁለቴ። አክስቷ «ውሃ ማለቱ ነው» ትልና ታመጣለታለች። አንዳንዴ ይጠጣል፣ አንዳንዴ ፊቱን ያዞራል።

ውድድሩ የሚካሄደው በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የመመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በየእሁዱ አንድ ጨዋታ፣ ስድስት እሁድ። ጠረጴዛዎቹ ላይ የተማሪዎች ስም በሹካ ተፍቆባቸዋል፤ አዳራሹ የሳሙናና የትናንት ወጥ ይሸታል። የመጀመሪያውን እሁድ አሸነፈች፤ ሁለተኛውን ከአንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ጋር እኩል ወጣች። በሦስተኛው እሁድ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ድልድል ስታይ ባለ መድኃኒት ቤቱ ከኋላዋ ሳቀ።

«አይነቅዜ ደረሱሽ? እንኳን ደስ አለሽ! ነጥቧን ከወዲሁ ኪስሽ ክተቻት።»

«አይነቅዜ ደግሞ ማነው?»

«ዝም አይነቅዝም ብለን ነው ያወጣንላቸው። ሊፍት ጠጋኝ ናቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ነጭ በደረሳቸው ቁጥር አንድ ዓይነት የእብድ አከፋፈት ይከፍታሉ። እኛ እንደየመልካችን እንመልሳለን፤ እሳቸው አሥራ ሁለተኛዋ እርምጃ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አጣጥፈው ሰዓታቸው እስኪያልቅ ይቀመጣሉ። መጽሐፍ ይዘሽ ግቢ።»

ሊፍት ጠጋኙ ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ግን ቀጭን ሰው ነበሩ። ሲጨብጧት በጥፍሮቻቸው ሥር ሳሙና የማያስለቅቀው ግራሶ አየች። ነጩ የእሳቸው ነበር። ዳኛው ሰዓቱን ሲያስጀምር የቀኙን ፈረስ አንስተው ሰሌዳው ዳር ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በጣታቸው ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደረጉ።

ራጅ አንሺዋ ቀና አለች። ድምፁ የቤቷ ድምፅ ነበር። «ስንት ሰው ጠረጴዛ ይመታል» አለች በልቧና ወታደሯን ሁለት ቤት ገፋች።

ሰውየው ከንጉሡ አጠገብ ያለውን ወታደር አንድ ቤት ገፉ። ኳ ኳ። በሦስተኛው፣ ዳር የወጣውን ፈረስ መልሰው ወታደሩ በለቀቀው ቤት፣ ከንጉሡ ጎን አስቀመጡት። ኳ ኳ።

ክው አለች።

በልጅነታቸው፣ ዝናብ ቤት በሚያስቀራቸው ቀናት ከሰዓት በኋላ፣ ወንድሟ የፈጠረው አከፋፈት ነበር። ሁለቱ ፈረሶች ተራ በተራ ዳር ድረስ ወጥተው፣ ዓለምን አይተው፣ ተመልሰው ንጉሡና ንግሥቲቱ ደጃፍ ይቀመጣሉ። ስሙን «ደርሶ መልስ» ብሎታል፤ እንደ አውቶቡስ ቲኬት። ቼዝ የሚያውቅ ሰው ቢያየው ይስቃል። ግን የሁለቱ ምሥጢር ነበር፤ ለሌላ ሰው እንዳታሳይ በአዲሱ ጫማዋ አስምሏታል። አላሳየችም። እሱም ቢሆን በውድድር ተጫውቶ አያውቅም። የትም አልተጻፈም።

እጇ ሳያማክራት የልጅነት መልሷን መለሰ። የግራው ፈረስ ወጣ። መለሰች። የግራው ፈረስ ገባ። መለሰች። ሰባተኛው ላይ ሆን ብላ ልትፈትናቸው ፈለገች። ሕፃን ሆና፣ ግራ ጥግ ያለው ወታደር ብቻውን ስለሚያሳዝናት ብቻ፣ ያለ ምንም ጥቅም አንድ ቤት ትገፋው ነበር። ያንን ወታደር ገፋች። ጣቷ ገና ከወታደሩ ራስ ላይ ሳይነሳ የሰውየው እጅ መልሱን አስቀምጧል፤ ወንድሟ ያኔ ይመልስ የነበረውን።

ኳ ኳ።

ሰውየውም ፊታቸው ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ ሰሌዳውን ትተው እሷን ነበር የሚያዩት። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ ሁለቱም እንደተማሩት ጸሎት ደገሙት። አሥራ ሁለተኛዋን ተጫወቱና ተጫወተች። ተራው የሰውየው ሆነ። እጃቸውን አጣጠፉ።

በሰዓታቸው ላይ አንድ ሰዓት ከሃያ ስድስት ደቂቃ ቀርቷቸው ነበር። በአዳራሹ ሰው ያስላል፣ ወንበር ይጎተታል፣ አንዱ ተሸንፎ አፍንጫውን ይናፈጣል። እሳቸው አልተነቃነቁም። ተነስታ መሄድ ስትችል ወንበሯን ወደ ሰሌዳው አስጠጋች። ሰውየው እያዩዋት ከንፈራቸው እንደሚለምን ሰው ይንቀሳቀሳል፤ በጨዋታ መሃል ማውራት ግን ክልክል ነው። ሰዓታቸው አለቀ። ዳኛው መጥቶ፣ እንደለመደው ራሱን እየነቀነቀ፣ ውጤቱን ጻፈ።

ዳኛው ሲርቅ ሊፍት ጠጋኙ ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

«ቀጥሎስ?» አሏት። «ቀጥሎ ያለው ምንድነው?»

*

ከአዳራሹ ውጪ፣ የእጅ መታጠቢያዎቹ ባሉበት ኮሪደር፣ የተደራረቡ ወንበሮች አጠገብ ቆሙ።

«መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ» አለች። «ከማን ተማሩት?»

«የቀያሹ እህት ነሽ?»

«ነኝ።»

ሰውየው የመታጠቢያውን ጠርዝ ያዙ። «ያን ቀን ሊፍቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ደወሉ ሲደወል ምድር ቤት ነበርኩ። ከጥበቃው ጋር ቼዝ እየተጫወትን። ጥበቃው ‹ሊፍቱ ይጮኻል› አለኝ። ‹ይጩህ፣ በሦስት እርምጃ ላሸንፍህ ነው› አልኩት። ሦስቱ እርምጃ አሥር ሆነ። ወደ ላይ ስንወጣ አርባ ደቂቃ አልፏል። ይኼን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሚስቴም። እንደሰማሁ ሮጥኩ ነው ያልኳቸው።»

ራጅ አንሺዋ ቦርሳዋን ወንበሮቹ ላይ አስቀመጠች።

«ሊፍቱ በስድስተኛና በሰባተኛ ፎቅ መሃል ነበር የቆመው። ሊፍቱን በእጅ ስቦ እንዲያነሳው ጥበቃውን ጣሪያ ላይ ወዳለው ሞተር ሰደድኩትና እኔ ሰባተኛ ፎቅ በር ላይ ቆምኩ። ‹አይዞህ ወንድሜ› አልኩ። ከውስጥ ኳ ኳ አለ። ከዚያ በጣም የረጋ ድምፅ ‹ታች ያለውን ጨዋታ ማን ያሸንፋል?› አለኝ።»

«ምን?»

«እንደነገርኩሽ። ‹የምን ጨዋታ?› አልኩ፤ ላብ አጠመቀኝ። ‹ጥግ ያለውን ንጉሥህን ረስተኸዋል› አለኝ። ‹ተወው፣ እንደገና እንጀምር። ነጩ እኔ ነኝ።› ከዚያ የነጩንም የጥቁሩንም እርምጃ አንድ በአንድ ነገረኝ። ከእያንዳንዱ በኋላ ኳ ኳ። አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ‹ከዚህ በኋላ ያለውን እህቴ ታውቀዋለች› አለና ዝም አለ። ወዲያው ሊፍቱ ደረሰ፣ በሩን ከፈትኩ። ወለሉ ላይ ነበር። አፉ ተጣሟል። ዓይኑ ግን ያየኛል። ለአምቡላንሶቹ ‹አሁን ያወራኝ ነበር› ብላቸው እንደ ሰካራም አዩኝ። በኋላ ምድር ቤት ወርጄ ሰሌዳውን አየሁት። ንጉሤ ጥግ ላይ ነበር። ጥበቃው አንድ እርምጃ ነበር የቀረው።»

ራጅ አንሺዋ የዚያን ቀን ተረኛ ነበረች። የወንድሟን ጭንቅላት ሲቲ ስካን ያነሳችው ራሷ ናት፤ አልጋ ላይ እስኪያስተኙት ድረስ ማን እንደሆነ አልነገሯትም። ስክሪኑ ላይ በግራ በኩል፣ ንግግር የሚወጣበት ቦታ ጠቁሮ ነበር። እንዲያ እስኪጠቁር ጊዜ ይፈጃል፤ ሰውየው ሰማሁ ባሉበት ሰዓት አንደበቱ አስቀድሞ ሄዷል። ከዚያ ሊፍት በር ጀርባ ቃል ሊያወጣ የሚችል ሰው አልነበረም።

ይህንን ማሰብ ስላልቻለች የምትችለውን አሰበች።

«አርባ ደቂቃ» አለች። «እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው። አርባ ደቂቃ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? አንድ ሰው ማንኪያ መያዝና አለመያዝ ነው። የእህቱን ስም መጥራትና አለመጥራት ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ቼዝ የምታውቅ እህት ካለችው አንድ ቀን ከፊቴ ትቀመጣለች ብዬ ነው ስድስት ዓመት የተሸነፍኩት። ቀጥሎ ያለውን ንገሪኝና የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

ቀጥሎ ያለውን ታውቀው ነበር። አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ሲደርሱ ወንድሟ ሰሌዳውን ያዞረዋል። እሱ የሠራውን ነጭ ቤት ለእሷ ይሰጥና እሷ የሠራችውን ጥቁር ራሱ ይወስዳል። «አሁን አንቺ እኔ ነሽ፣ እኔ አንቺ ነኝ» ይላት ነበር። «የሠራሽው ቤት ቢያፈስ እኔ ነኝ የምደበደበው፤ ስለዚህ አሳምረሽ ሥሪ።»

«አላውቅም» አለቻቸውና ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

*

ለአክስቷም ለወንድሟም አልተናገረችም። ሳምንቱን ሙሉ ግን ወንድሟ ሌላ ሆኖ ከረመ። ከሥራ ስትገባ ዓይኑ በር ላይ ተተክሎ ይጠብቃታል። ጣቱ ብረቱን ይመታል፤ አክስቷ ውሃ ይዛ ስትሮጥ ፊቱን ያዞራል።

«የጠማው ውሃ አይደለም» አለች አክስቷ አንድ ቀን፣ ብርጭቆውን እንደያዘች። «ሰባት ዓመት ሙሉ አስጥሜዋለሁ መሰለኝ፣ አፈር ልብላ።»

በአራተኛው እሁድ ራጅ አንሺዋ የራሷን ጨዋታ ቶሎ ጨረሰች። ወደ በሩ ስትሄድ ሊፍት ጠጋኙን አየቻቸው። ከአንድ የሂሳብ አስተማሪ ፊት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፣ ሰዓታቸው ይነጉዳል። አስተማሪው ጋዜጣ ዘርግቶ ይስቃል፤ ጓደኛውን በዓይኑ ይጠራል፣ «ና እያቸው» ዓይነት። ሰውየው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ከሸሚዛቸው ኮሌታ በላይ የሚታየው አንገት የሽማግሌ አንገት ነው፤ ደረታቸው የደበቀው እድሜ እዚያ ወጥቷል። ልትጠላቸው ፈልጋ ነበር።

እስኪወጡ ጠበቀቻቸው። «ሰሌዳው ይዞራል» አለቻቸው ያለ ሰላምታ። «ቀጥሎ ያለው እሱ ነው። እርስዎ የእሱን ቦታ ይይዛሉ፣ እሱ የእርስዎን።»

ሰውየው መዳፋቸውን በአየር ላይ አዙረው አዩት። «ሌላ የለውም?»

«ሌላ የለውም። እንዲሁ የልጆች ጨዋታ ነው።»

«የልጆች ጨዋታ ነው» አሉ እሳቸውም፣ ሳያምኑበት። «ቤታችሁ ሩቅ ነው?»

*

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። በመንገድ ላይ ሊፍት ጠጋኙ አንዲት ሱቅ ቆመው ብርቱካን ገዙ፤ ባዶ እጅ ታማሚ አይጠየቅም ብለው። አክስቷ ብርቱካኑን ተቀበለችና እንግዳውን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። «የሥራ ጓደኛ?» አለች። «የቼዝ» አለች ራጅ አንሺዋ።

ወንድሟ በትራስ ተደግፎ ነበር። ሰውየው በሩ ላይ ሲቆሙ ዓይኖቹ ሰፉ፤ ጣቱ ብረቱን መታ፣ ደግሞ መታ፣ እንደ በረዶ ቆርቆሮ ላይ። ሊፍት ጠጋኙ አልጋው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡና «ወንድሜ፣ ዘገየሁብህ» አሉ። ጣቱ ቆመ።

የምግብ መደገፊያውን ጠረጴዛ በመሃላቸው አድርጋ ሰሌዳውን ዘረጋች። ሰውየው በነጩ ሲጫወቱ እሷ ለወንድሟ ጥቁሩን ታንቀሳቅስለታለች። ከእያንዳንዱ በኋላ ከአልጋው ብረት ኳ ኳ ይላል፤ አሁን ሰውየው መምታት ትተዋል። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ውጪ ጎረቤት ምንጣፍ ያራግፋል። አክስቷ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ብርቱካን መላጥ ጀምራ ረሳችው።

አሥራ ሁለት ሞላ።

«አዙሪው» አሉ ሊፍት ጠጋኙ።

ራጅ አንሺዋ ሰሌዳውን በሁለት እጇ ያዘች። ለአንድ አፍታ ስለ አርባ ደቂቃው አሰበች፤ ያሰበችውን በኋላም ቢሆን አልካደችም። ከዚያ ቀስ አድርጋ አዞረችው። ነጩ ወደ ወንድሟ ሄደ፤ ጥቁሩ ወደ ሊፍት ጠጋኙ መጣ።

የወንድሟ ግራ እጅ ከብረቱ ላይ ተነሳ። ለሰባት ዓመት ከብረቱ በላይ ተነስቶ የማያውቅ እጅ፣ ሰሌዳው ላይ ደርሶ አንድ ነጭ ወታደር ገፋ። አክስቷ «ወይኔ» አለች።

ሊፍት ጠጋኙ ሳቅ አሉ። ሊመልሱ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። እጁ መንገድ ላይ ከበደ፤ ሰሌዳው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀና ሦስት ወታደሮች ገነደሰ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ቃል አልነበረም። የአፋቸው ቀኝ ጥግ ወደ ታች ወርዶ ነበር።

ራጅ አንሺዋ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ዘጠኝ ከሃያ ሁለት።

«ጎረቤቱን ጥሪው! መኪናውን ያውጣ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ያደረገችው ሁሉ በትክክል የተማረችው ነው። ሰውየውን ደግፋ አስቀመጠች። ለተረኛው ሐኪም ደወለች፤ «ስልሳ የሚጠጉ ወንድ፣ ቀኝ ጎን፣ ንግግር የለም፣ ሁለት ደቂቃ ሆኖታል» አለች። ባለምንጣፉ ጎረቤት በነጠላ ጫማ መጣ፤ በሁለት በኩል ተሸክመው አወጧቸው። ከበሩ ስትወጣ ዘወር ብላ ወንድሟን አላየችም። ጊዜ አልነበራትም።

በአሥራ ስምንት ደቂቃ ሆስፒታል ደረሱ። ፎቶውን ራሷ አነሳች፤ ተረኛው ባልደረባዋ ሊከለክላት ሞክሮ ፊቷን አይቶ ተወው። የአንጎላቸው ሥጋ ገና አልጠቆረም። የተዘጋውን የደም ሥር ግን አየችው። በግራ በኩል ነው። የወንድሟን ፎቶ ሰባት ዓመት በዓይነ ኅሊናዋ ይዛው ኖራለች፤ ቦታው በአንድ ጣት እንኳ አይለይም። ሐኪሙ የረጋ ደም የሚያሟሟውን መርፌ ሰጣቸው። እሷ ከአልጋው አጠገብ ቆማ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። ሰውየው ጣሪያውን ያያሉ፤ ዓይናቸው ይከተላል፣ ቃል የለም።

አሥር ሰዓት ከሁለት ላይ ሊፍት ጠጋኙ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። የአፋቸው ጥግ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር።

«አትሩጪ፣ ደርሰሻል» አሉ።

ድምፁ የእሳቸው ቀጭን ድምፅ አልነበረም። ወይም ለእሷ እንደዚያ መሰላት። ወዲያው ሳል ያዛቸውና በራሳቸው ድምፅ «ለልጄ ደውሉላት፣ አትደንግጥ በሏት» አሉ። ምን እንዳሉ ስትጠይቃቸው አላስታወሱም።

ስልኳን ስታወጣ አክስቷ ሰባት ጊዜ ደውላ ነበር።

*

«ተናገረ» አለች አክስቷ በስልክ፤ ለመተንፈስ ጊዜ አልነበራትም። «እናንተ ከግቢ ስትወጡ ነው። ‹እትዬ› አለኝ። ብርቱካኑ ከእጄ ወደቀ። ‹እትዬ፣ ፀጉርሽ ሸብቷል› አለኝ። እንደ ድሮው፣ ቁልጭ ባለ ድምፅ። ጫማውን ጠየቀኝ። የጣሪያው አሸንዳ ተሠርቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ሰባት ዓመት ሙሉ ሾርባሽ ጨው ይበዛበታል፤ አፍ ስለሌለኝ ነው የጠጣሁት› አለኝ! ባለጌ!» አክስቷ መሳቅ ጀምራ ወደ ልቅሶ ዞረባት። «ስደውልልሽ አታነሺም፣ ስደውልልሽ አታነሺም።»

«ስልኩን ስጪው። እትዬ፣ ስጪው!»

«አሁን ዝም ብሏል እኮ። ቅድም፣ በመሃል። ‹ያቺ ልጅ ስትመጣ እንዲህ በያት› አለኝና አፉን እንደከፈተ ቀረ። ስንት ጠበቅኩት። ምን ሊልሽ እንደነበረ እንጃ።»

ራጅ አንሺዋ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች፤ ወንበር ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ። «ስንት ሰዓት ነበር ዝም ያለው?»

«እኔ እንጃ። የአሥር ሰዓቱ ዜና ገና መጀመሩ ነበር።»

ከዘጠኝ ከሃያ ሁለት እስከ አሥር ከሁለት። ቆጠረችው፣ ደግማ ቆጠረችው። ወንድሟ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሲያወራ እሷ አልነበረችም። አፉን የዘጋው ደግሞ የእሷ ፍጥነት ነው። ትንሽ ብትዘገይ፣ መኪናው ባይነሳ፣ መርፌው አንድ ሰዓት ቢቆይ፣ ደርሳ ትሰማው ነበር። ይህን እያሰበች ሳለ ከክፍሉ ውስጥ የሊፍት ጠጋኙ ልጅ ድምፅ ተሰማ፤ ሮጣ መምጣቷ ነው፣ «አባዬ፣ አባዬ» ትላለች። አባቷም «አለሁ፣ አለሁ» ይሏታል።

*

ሊፍት ጠጋኙ ዳኑ። ቀኝ እግራቸው ትንሽ ይጎተታል፤ ሌላው ሁሉ ተመለሰ። በወሩ ከልጃቸው ጋር ሊጠይቁ መጡ። ልጅቷና አክስትየዋ ወደ ማድ ቤት ሲገቡ፣ ሰውየው ወንበራቸውን ወደ ራጅ አንሺዋ አስጠጉ።

«ሰምቻለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አክስትሽ ነገረችኝ። አርባ ደቂቃ ወስጄብሻለሁ፣ ሁለት ጊዜ። እንደገና እናዙረው።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አንቺ እዚሁ ከእሱ ጋር ቁጭ ትያለሽ። እኔን ሌላ ሰው ሆስፒታል ይውሰደኝ። መንገዱን አሁን ለምጄዋለሁ» አሉና በከፊል ሳቁ። «በፈቃዴ ነው። ከፈለግሽ እጽፍልሻለሁ።»

ወንድሟን አየችው። ነቅቶ ነበር፤ ሁለቱንም እያፈራረቀ ያያል። ከዚያ ቀን ወዲህ ብረቱን መትቶ አያውቅም። እጁ አንሶላው ላይ ተዘርግቶ፣ መዳፉ ወደ ላይ፣ የሆነ ነገር እንደሚቀበል ሰው።

«እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም» አለች በመጨረሻ። ይሁን እንጂ እሷ አሰበችበት። ሦስት ቀን ሙሉ አሰበች። በሥራ ቦታ ሰው እያስተኛች፣ «ትንፋሽ ይያዙ፣ አይንቀሳቀሱ» እያለች አሰበች። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ለሊፍት ጠጋኙ ደወለችና «አይሆንም» አለቻቸው። እሳቸውም ምክንያቱን አልጠየቁም። ሲተነፍሱ ግን በስልኩ ውስጥ ሰማች፤ የዳነ ሰው ትንፋሽ ነበር። ሰውየው ከዚያ በኋላ ውድድር አልገቡም። አንዳንድ እሁድ ይመጡና ለወንድሟ ጋዜጣ ያነቡለታል። ሰሌዳውን እሷ ጠቅልላ ለትምህርት ቤቱ ሰጠች።

የቀራት አክስቷ ናት። ከሥራ ስትገባ ሾርባ ይቀርብላታል፤ አሁን ጨው ጨርሶ የሌለው። ማንኪያውን ሳታነሳ «እስቲ ድገሚልኝ» ትላታለች። አክስቷም ትደግማለች፤ ፀጉሩን፣ ጫማውን፣ አሸንዳውን። ግን በየጊዜው አንድ ነገር ይጨመራል። አንድ ቀን ስቆ ነበር ትላለች። ሌላ ቀን መስኮቱን ክፈቺልኝ ብሎኛል ትላለች፤ መስኮቱ ክፍት እንደነበረ ራጅ አንሺዋ ታስታውሳለች። እውነቱ የቱ እንደሆነ አትጠይቃትም።

ባለፈው ሐሙስ አክስቷ ሳህን እያጠበች በድንገት ቆመች። «እሱማ» አለች፤ «ስለ አንቺም ሌላ ነገር ብሎኝ ነበር እኮ።»

«ምን ብሎ?»

«ቆይ» አለች አክስቷ፣ እጇን በጉርዷ እየጠረገች። «ቆይ እስቲ፣ ትዝ ይለኛል።»

ራጅ አንሺዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።